ወሯ ሲገባ፤ ለአዲስ ወላጆች

በአገራችን ልማድ እርግዝና በአደባባይ የሚወራ ነገር አይደለም። ሆዷ እስኪገፋ ድረስ ነገሩ በባልና በሚስት መካከል ተሸሽጎ ይቆያል፤ ከገፋም በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሰው አፉን ሞልቶ መናገር የሚጀምረው «ወሯ ገብቷል» ከተባለ ወዲያ ነው። ያን ጊዜ ያገኛት ሁሉ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እያለ ይመርቃታል። ምርቃቱ ያማረ ነው፤ ከእናቶቻችን የወረስነው ስለ ሆነም እንዲቀር አንመኝም። ይሁን እንጂ ምርቃት በእኩለ ሌሊት መኪና አያቀርብም፤ የደም ዓይነት አይመረምርም፤ የሐኪም ቤቱንም በር አያንኳኳም። ይህን የሚያደርገው ሰው ነው፤ ሰውም ሊያደርገው የሚችለው አስቀድሞ ያሰበበት እንደ ሆነ ነው።

ይህን ጽሑፍ በተለይ የምናቀርበው በከተማችን ምሥራቅ ጎጆ ለወጡ ወጣቶች ነው። ከቦሌ ተነሥቶ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት አድርጎ እስከ ቦሌ አራብሳ የሚዘልቀው አገር ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት አብዛኛው እርሻ ነበር። ዛሬ ግን ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ሊቋቋምለት በቅቷል። በዚያ ያሉት የኮንዶሚኒየም ቤቶች የብዙ ወጣት ሠራተኞች የመጀመሪያ ቤት ናቸው፤ የብዙ ሕፃናትም የመጀመሪያ ቤት ይሆናሉ ማለት ነው።

በቀድሞው ዘመን በብዙ ቦታ የመጀመሪያው ልጅ የሚወለደው በሴቲቱ እናት ቤት ነበር። ወሯ የገባ ሴት በእናቷ፣ በአክስቶቿና በጎረቤት ባልቴቶች ተከብባ ስለምትቀመጥ ምን ሊመጣ እንደሚችል የሚነግራት አታጣም ነበር። ከተነገራት ውስጥ ትክክለኛው ከስሕተቱ የተደባለቀ ቢሆንም እንኳ ብቻዋን አልነበረችም። ዛሬ ግን እናቲቱ ጎጃም ወይም ወሎ ናት፤ ልጂቱ አያት አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ባልየው ማለዳ ወጥቶ ማታ ይገባል፤ የጎረቤቱንም ስም አያውቀው ይሆናል። እንግዲህ ያ ሁሉ የሴቶች ጉባኤ ያውቀው የነበረውን ነገር ሁለት ወጣቶች ብቻቸውን ሊያውቁት ግድ ሆኗል። ከሁለቱም አንዱ ወንድ ስለ ሆነ ወንዱ «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» የሚልበት ዘመን አልፏል።

ቀኑ እንዴት ይቆጠራል?

ሐኪሞች የእርግዝናን ዘመን 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት ይሉታል። የሚቆጥሩትም ከተፀነሰበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንሥተው ነው። በዚህ ረገድ የኛ ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጆቹ ይልቅ የተመቸ ነው፤ ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆኑ በዚያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን መጨመር ብቻ ይበቃል። መስከረም 1 ቀን ያየች ሴት ቀኗ ሰኔ 11 ነው። በመካከሉ ጳጉሜ የምትገባ እንደ ሆነ ግን አምስት ቀን ስለምትወስድ የሚጨመረው 9 ወር ከ5 ቀን ነው፤ ጥር 1 ቀን ያየች ሴት ጥቅምት 6 ቀን ትጠብቃለች። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን ይሆናል። የወር አበባዋ ቀኑን የማይጠብቅ ሴት በመጀመሪያዎቹ ወራት በአልትራሳውንድ ብትታይ ቀኑ የተሻለ ይታወቃል።

ነገር ግን ይህ ቀን የቢሮ ቀጠሮ አይደለም። በተቆጠረለት ቀን ልክ የሚወለደው ልጅ ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ነው። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ያለ ጊዜው ተወለደ ይባላል፤ ከ42 ሳምንት በላይ መቆየትም ለልጁ አያምርም። ስለዚህ አንድ ቤት «ዝግጁ ነኝ» ማለት ያለበት በዘጠነኛው ወር መጨረሻ ሳይሆን ስምንተኛው ወር ሳያልቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትመረመር ይመክራል፤ ከነዚህም አምስቱ በ30ኛው፣ በ34ኛው፣ በ36ኛው፣ በ38ኛውና በ40ኛው ሳምንት የሚደረጉ ናቸው። ጉብኝቱ ወደ መጨረሻው የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የደም ግፊት የሚነሣው፣ የልጁም አቀማመጥ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ስለ ሆነ ነው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተመረመሩት እናቶች ከመቶ 43 ብቻ ነበሩ።

ያለውና የሌለው ሥጋት

በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በሴቲቱ ሰውነት ላይ የሚታየው ለውጥ ባልየውን ሊያስደነግጠው ይችላል፤ አብዛኛው ግን የተፈጥሮ ሥራ ነው። ማሕፀኑ ሆድን ወደ ላይ ስለሚገፋ ቃር ያስቸግራታል፤ ሳንባን ስለሚጫን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ፊኛን ስለሚጫን ሌሊት ደጋግማ ትነሣለች። ወገቧን ያማታል፤ ባቷን ይሸመቅቃታል፤ ማታ ማታ እግሯ ያብጣል። በጀርባ መተኛት ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ስለሚያውክ በጎን፣ በተለይም በግራ ጎን መተኛት ይሻላታል። የመጀመሪያ ልጅ የያዘች ሴት ከመውለዷ ሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲቀራት የልጁ ጭንቅላት ወደ ታች ይገባና ሆዷ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ትንፋሿ ቀለል ይላታል፤ መራመዱ ግን ይከብዳታል።

ቀስ ብሎ መራመድ ለጤናዋ መልካም ነው። ውሃ በጠፋ ቀን ግን ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት የእርሷ ሥራ አይደለም። ከልማዳችንም አንዳንዱን መለየት ያስፈልጋል። «ብዙ ከበላሽ ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጸናብሻል» እየተባለ ምግብ የምትቀነስ ሴት አለች፤ ይህ እናትና ልጅን ከማድከም በቀር አይጠቅምም። ልጁ እንዲስተካከል ተብሎ ሆድ ማሳሸትም እንግዴ ልጁን ከቦታው ሊያላቅቅ ስለሚችል መተው ይገባዋል። ጾሙም ቢሆን ለእርጉዝ ሴት የሚቀልላት ስለ ሆነ ከንስሓ አባቷ ጋር ብትነጋገር ነውር የለበትም፤ በእስልምናም ለእርጉዝ ሴት ፈቃድ አላት።

ከዚህ ቀጥለን የምንጽፋቸውን ምልክቶች ግን አንባቢያችን ቆርጦ በግድግዳ ላይ ቢለጥፋቸው አንቃወምም። ከማሕፀን ደም መፍሰስ፣ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን መጋረድ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ከጎድን በታች የሚጸና ሕመም፣ ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፤ ከነዚህ አንዱ ቢታይ እስኪነጋ አይጠበቅም። ራስ ምታቱና እብጠቱ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል። ልኬቱ 140 በ90 ከደረሰ ሐኪም ሊያውቀው ይገባል፤ ካልተያዘ ሴቲቱን ሊያንፈራግጣት ይችላልና። ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለው ርካሽ መድኃኒት ይህን ይከላከላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ያለው ሐኪም ቤት እንጂ ቤት አይደለም።

ስለ ልጁ እንቅስቃሴም አንድ ቃል እንጨምር። «ሊወለድ ሲል ዝም ይላል» የሚለው አባባል የብዙዎችን ልብ ያሳረፈ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ጤነኛ ልጅ እስከ ምጡ ቀን ድረስ ይንቀሳቀሳል። ልማዱን የምታውቀው እናቲቱ ናት፤ እርሷ «ዛሬ ቀነሰብኝ» ካለች ባልየው «ተኝቶ ይሆናል» ብሎ ማጽናናት የለበትም፤ ተነሥቶ ጫማውን ያድርግ።

አደጋው መዘግየት ነው

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በነዚያው ዓመታት በጤና ድርጅት የሚወለደው ልጅ ከመቶ 5 ወደ 26 ከፍ ብሏል፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሷል። አዲስ አበባ ግን በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 97 ላይ ነበረች። እንግዲህ «የከተማችን ሴት ሁሉ በሐኪም ቤት ከወለደች ምን ቀረ?» የሚል ይኖራል። የቀረው እዚያ የምትደርስበት ሰዓት ነው።

ሴሪን ታዲየስና ዴቦራ ሜይን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እናቶችን የሚገድለው መዘግየት ሦስት ዓይነት ነው ብለዋል። አንደኛው ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት፣ ሦስተኛው ሐኪም ቤት ከደረሱ በኋላ ተገቢውን እርዳታ በማግኘት መዘግየት ነው። ሦስተኛው የመንግሥትና የሐኪሞች ኃላፊነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ከቤት የሚጀምሩ ስለ ሆኑ ባልና ሚስት ሊቀንሷቸው ይችላሉ።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ የመጡት የአዋላጆችን ትምህርት ለማቋቋም ነበር። ነገር ግን ምጥ ቀናት ቆይቶባቸው ልጃቸውን ያጡ፣ ሽንታቸውንም መቆጣጠር ያቃታቸው ወጣት ሴቶች ስለ በዙባቸው በ1974 እ.ኤ.አ. ለነርሱ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ከፈቱ። እነዚያን ሴቶች የጎዳቸው በጊዜ ከሚረዳቸው እጅ መራቃቸው ነበር። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ደግሞ መንገዱን ማሳጠር ባይችል ሌላ ዘዴ አገኘ፤ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሩቅ ለሚመጡ እርጉዞች በግቢው ማቆያ ቤት አዘጋጅቶ ወራቸው ሲገባ መጥተው እዚያው እንዲጠብቁ አደረገ። የገጠሯ ሴት ሩቅነቷን በጊዜ አሸነፈችው ማለት ነው። ከአራብሳ ወይም ከአያት ጫፍ እስከ ትልቅ ሆስፒታል ያለው መንገድ በማለዳው የመገናኛ ጭንቅንቅ ሲለካ እኛም ራቅ ብለን መኖራችንን ማመን አለብን።

አንድ የሥራ ወዳጃችን ሚስቱ ስምንተኛ ወሯን ስትጨርስ «ለመሆኑ የት ነው የምትወልደው?» ብለን ጠየቅነው። «እሱማ ቀኑ ሲደርስ ይታሰብበታል» አለን። «ሌሊት ቢሆንሳ?» ብንለው «ታክሲ እጠራለኋ» አለ። «ከምትኖርበት በሌሊት ታክሲ ጠርተህ ታውቃለህ?» ስንለው ዝም አለ። በነጋታው እሑድ ከሚስቱ ጋር ሆኖ ለሰፈሩ ቅርብ የሆነውን ጤና ጣቢያ አየ፤ ማዋለጃው ሌሊት ክፍት መሆኑን ጠየቀ፤ ከባድ ነገር ቢመጣ ወደየትኛው ሆስፒታል እንደሚልኩ ጠየቀ። ሲመለስም ከታች ፎቅ የሚኖረውን የመኪና ባለቤት በር አንኳኳ። ጎረቤታሞች ከሆኑ ሁለት ዓመት ቢሞላቸውም ስም ለስም የተዋወቁት የዚያን ቀን ነው። ይህ ሁሉ የፈጀበት ግማሽ ቀን ነበር።

አባት የሚሆን ሰው ምን ያዘጋጅ?

መጀመሪያ ቦታውን ይወስን። እርግዝናዋ ደኅና ለሆነ ሴት ጤና ጣቢያ ይበቃል። ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለባት፣ ወይም ልጁ በመቀመጫው የመጣባት ሴት ግን ቀዶ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል መውለድ አለባት። ቀጥሎ ማጓጓዣውን ይወስን፤ አንድ ሳይሆን ሁለት ይሁን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑን እርሱ ብቻ ሳይሆን እርሷም፣ የቤት ሠራተኛዋም ይወቁት። ሦስተኛም የሚስቱን የደም ዓይነት ይወቅ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ብርቱ መድማት በጥቂት ሰዓት ነፍስ የሚያሳልፍ ስለ ሆነ፣ ሲጠሩ የሚደርሱ ሁለት ደም ለጋሾች ከዘመድ ወይም ከባልንጀራ አስቀድመው ይነገራቸው። የደሟ ዓይነት ኔጌቲቭ የሆነ እንደ ሆነ በ28ኛው ሳምንት ገደማ ስለሚሰጠው መርፌ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ለሕፃን አስቀድሞ ልብስ መግዛትን እንደ ክፉ ገድ የሚያዩ ብዙዎች ናቸው። ልማዱን ለማክበር የፈለገ ልብሱን በእኅቱ ቤት ያስቀምጥ፤ ቦርሳው ግን ይዘጋጅ። የክትትል ካርዷ፣ መታወቂያዋ፣ ነጠላና ጋቢ፣ ንጹሕ ጨርቅና ሞዴስ፣ የሕፃኑ መጠቅለያና ኮፍያ፣ ጥቂት ገንዘብ፣ የተሞላ ስልክ ያስፈልጋሉ። ለአጥሚቱም ቴርሞስ አይረሳ።

ስለ ፈቃድም ሕጉን ማወቅ ደግ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 ለአባት የፈቀደው 10 የሥራ ቀን ነበር። ሦስት ቀን አጭር ነው፤ ስለዚህ አስተዋይ አባት ከዓመት ፈቃዱ ጥቂት ቀን ለዚህ ወር ያስቀምጣል። ለአለቃውም አስቀድሞ ቢነግር በድንገት ስልክ ተደውሎለት ከስብሰባ ሲወጣ የሚገረም አይኖርም።

ምጡ ሲመጣ

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሆዷ እየጠነከረ የሚለቅ የሐሰት ምጥ ይመጣል። ይህ ጊዜውን አይጠብቅም፤ ስትራመድ ወይም ስታርፍ ይተዋታል። እውነተኛው ምጥ ግን እየተቀራረበ፣ እየረዘመና እየበረታ ይሄዳል እንጂ አይተዋትም። የመጀመሪያ ልጇ ከሆነ በየአምስት ደቂቃው እየመጣ አንድ ደቂቃ ያህል የሚቆይና ለአንድ ሰዓት የቀጠለ እንደ ሆነ መነሻው ሰዓት ደርሷል። ቤቷ ሩቅ የሆነ ወይም ከዚህ በፊት የወለደች ሴት ግን ከዚያም ቀደም ብላ ትነሣ። ደም የተቀላቀለበት ወፍራም ፈሳሽ መታየት የምጥ መቅረብ ምልክት ነው፤ እንደ ወር አበባ የሚፈስ ደም ግን አደጋ ነው።

ባልየው ሊያውቀው የሚገባው ሌላ ነገር ምጥ ጊዜ የሚወስድ መሆኑን ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የ2018 እ.ኤ.አ. መመሪያ የማሕፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ በኋላ እንኳ ለመጀመሪያ ልጅ እስከ 12 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛው ሰዓት «ለምን ኦፕራሲዮን አታደርጉላትም?» እያሉ አዋላጅዋን ማስጨነቅ አይገባም። በ2008 ዓ.ም. ጥናት በኦፕራሲዮን የተወለደው ልጅ በአገር ደረጃ ከመቶ 2፣ በአዲስ አበባ ግን ከመቶ 21 ያህል ነበር። የገጠሯ ሴት ሲያስፈልጋት ያጣችው ሕክምና ለከተማዋ ሴት ሳያስፈልጋት እንዳይሰጣት ምክንያቱን መጠየቅ መብት ነው፤ ምክንያቱ ከተነገረ በኋላ ግን ፊርማውን ለማኖር ዘመድ እስኪሰበሰብ መጠበቅ ያው የመጀመሪያው መዘግየት ነው።

ይኸው መመሪያ ሴቲቱ የመረጠችው ሰው በምጧ ጊዜ ከጎኗ እንዲሆን ይመክራል። እናቷ ልትሆን ትችላለች፤ እኅቷም ልትሆን ትችላለች፤ ቦታውና ሥርዐቱ ከፈቀደ ባሏም ሊሆን ይችላል። ይህም አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ነው። ልጁ እንደ ተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እንገሩም ለሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባቱ ያህል ስለ ሆነ እንዳይጣል።

ገና ያላገባችሁ ተማሪዎችም «ይህ አይመለከተንም» አትበሉ። ወሯ የገባ እኅት ወይም የጎረቤት ሴት ያላት ሰው ሁሉ ይመለከተዋል። ስልክ ቁጥር መያዝ፣ ደም መለገስ፣ ሌሊት ተነሥቶ ደረጃውን አብሮ መውረድ ባል መሆንን አይጠይቅም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለሁሉም ነገር ቢሆንም ለዚህ ወር የተባለ ይመስላል። ስምንተኛው ወር የገባበት ቤት ዛሬ ማታ ከራት በኋላ አምስት ጥያቄ ይጠያየቅ፤ የት ነው? በምን እንሄዳለን? ማን አብሮን ይሄዳል? የደሟ ዓይነት ምንድን ነው? ምን ሲታይ ነው የምንነሣው? ለአምስቱም መልስ ካላቸው በሰላም ይተኙ። አንዱ እንኳ መልስ ካጣ፣ ነገ ከሥራ በፊት የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው።